ስንዴው ያጋለጠው ክብ፦ ውድሄንጅ ከአየር ላይ እንዴት ተገኘ?

የማወራችሁ ስለ አንድ የስንዴ ማሳ ነው። ማሳው ደቡብ እንግሊዝ፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ፣ ኤምስበሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። በግዙፍ የቁም ድንጋዮች ክብ ዝነኛ የሆነው ጥንታዊው ስቶንሄንጅ ከዚያ ቢርቅ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1926 በጋ ይህ ማሳ ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ ተነሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ። ወቅቶቹንም እንደዚያው፤ የእነሱ በጋ የኛ ሰኔና ሐምሌ ነው፣ ክረምታቸው ደግሞ የኛ ታኅሣሥና ጥር።) ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ስንዴው ግራጫ ሆኖ ይታያል። መሃሉ ላይ ግን ጠቆር ያለ ወፍራም ቀለበት አለ። ቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ነጠብጣብ ሞልቷል። አንድ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ በክብ በክብ የነካካው ይመስላል፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ እንደገና ክብ በክብ ውስጥ።

ማሳው ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ያ ሁሉ የለም። ስንዴ ብቻ ነው። ምናልባት እዚህና እዚያ ትንሽ ጠቆር ያለ ቡቃያ ዓይኑ ይገባ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ይህ ቦታ ዛሬ ውድሄንጅ ይባላል። በአየር ፎቶ ላይ በሰብል ምልክት፣ ማለትም በሰብሉ የቀለም ልዩነት፣ ከተለዩት የቅድመ ታሪክ ሥፍራዎች ሁሉ እንደሱ ጥሩ ማስተማሪያ የሚሆን አላገኘሁም። ብዙ ጊዜ ታሪኩ “አንድ አብራሪ ቁልቁል ሲያይ አገኘው” ተብሎ በአንድ መስመር ያልቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውየው ተመልሶ መሄዱ ነው። ያየውን ነገር በሌላ ወቅት፣ ሌላ ነገር ሲበቅልበት፣ ደግሞ አየው። ሥራው ሁሉ ያለው በእነዚያ ሁለት እይታዎች መካከል ነው።

አብራሪው ጊልበርት ኢንሳል ይባላል። የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1915፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የጀርመን አውሮፕላን ካወረደ በኋላ የሱም ነዳጅ ታንክ ተመታ። ከወገን ግንባር ብዙም ሳይርቅ፣ 500 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ገብቶ አረፈ። ጀርመኖች ባረፈበት ቦታ ላይ መድፍ ሲያዘንቡ ዋሉ። እሱና ተኳሹ ሌሊቱን በተከለለ መብራት አውሮፕላኑን ጠግነው ሲነጋ በረው ተመለሱ። ለዚህ ነው ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የአገሩን ትልቁን የጀግና ኒሻን ያገኘው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተማረከ። በ1917 በሦስተኛ ሙከራው ከምርኮ አመለጠ። ይህን የምነግራችሁ ለማድመቅ ብዬ አይደለም። የዚያን ጊዜ አብራሪ ዓይኑ የተሞረደው ምሽግ በመፈለግ ነው። ከላይ ሆኖ የተቆፈረ መሬትንና ያልተቆፈረን መለየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ዓይኑ አብሮት ቀረ።

ዲሴምበር 1925 ኢንሳል ሶፕዊዝ ስናይፕ በምትባል ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን በዚያ አካባቢ እየበረረ ነበር። ከፍታው 2,000 ጫማ፣ ማለትም 600 ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁል ሲያይ አንድ ክብ አየ። ክቡ መሃል ላይ ነጫጭ ምልክቶች ነበሩ። ወዲያው ደግሞ ስቶንሄንጅ ከርቀት ብቅ አለ። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ተመሳሰሉበት። አንዱ በድንጋይ የቆመ፣ ሌላው በነጭ ነጠብጣብ የተሳለ፣ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች የሚመስሉ።

ቦታው ጭራሽ ያልታወቀ አልነበረም። የዘመኑ አጥኚዎች መሬቱ ላይ የሚታየውን ደብዛዛ ክብ በማረሻ ብዛት የተበላሸ አሮጌ የመቃብር ጉብታ ነው ብለው ያውቁት ነበር። በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ጉብታ ሞልቷል፣ ስለዚህ ማንም ሁለተኛ ዞር ብሎ አላየውም። ለዘመናት ታርሷል። የአፈር ካቡ ተደምስሷል፣ ቦዩም ተደፍኗል። ስም ከተሰጠው በኋላ ማን ይጠይቃል? ከላይ የመጣው ሰው ስሙን ሳይሆን ቅርጹን ስላየ ነው የጠረጠረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያ የዲሴምበሩ ነጭ ምልክት የሰብል ምልክት አይደለም። የአፈር ምልክት የሚባለው ነው። ማሳው ባለበት ሶልስበሪ ሜዳ ላይ ከስስ የእርሻ አፈር ሥር ያለው ለስላሳ ነጭ አለት ነው፤ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበትን ጠመኔ አስቡ፣ የሱ ዓይነት። ሰዎች በጥንት ጊዜ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ጠመኔውን አውጥተው ይበታትኑታል። በኋላ ደግሞ ማረሻ ሲያልፍበት ከሥር እያነሳ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ ማሳው ራቁቱን በሆነበት በክረምት ወቅት ነጩ ከቡናማው አፈር ተለይቶ ይታያል። ምልክቱ መሬቱ እንደተረበሸ ይናገራል፤ ምን እንደነበረበት ግን በጥራት አይናገርም። በነጭ የተዝረከረከ ነገር ነው። ኢንሳልም ያኔ ጥርጣሬ ብቻ ነው የያዘው።

ከዚያ ጠበቀ። ማሳው ስንዴ ተዘራበት። በቀጣዩ በጋ፣ ስንዴው ከፍ ካለ በኋላ፣ እንደገና ከላይ ታየ። ያኔ ጥርጣሬው አለቀ። ተቀራርበው የተደረደሩ የነጠብጣብ ቀለበቶች ወጡ። ከላይ ሲቆጠሩ አምስትም ስድስትም፣ ምናልባትም ሰባት ይመስሉ ነበር። የመቃብር ጉብታ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ታዲያ ስንዴ እንዴት ነው ከ4,000 ዓመት በላይ የተቀበረ ነገር የሚያሳየው?

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። የድሮ በረት የነበረበት ቦታ ላይ ገብስ ሲዘራ ያየ ሰው ያውቀዋል። በረቱ ከፈረሰ ስንት ዓመት ሆኖታል፣ አጥሩም የለም። ገብሱ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይጠቁራል፣ ይፋፋል። አባት ልጁን “እዚህ ጋ ከብት ይታደር ነበር” ይለዋል። ድንጋያማ መሠረት የቀረበት ኦና ላይ የተዘራ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ይቀጭጫል፣ ከጎረቤቱ ቀድሞ ይገረጣል። ነገሩ ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ፍግ የሠራውን እዚህ የሚሠራው በዋናነት እርጥበት መሆኑ ነው።

መሬት አንዴ በጥልቀት ከተቆፈረ እንደነበረው አይመለስም። ቦዩ ወይም ጉድጓዱ ቀስ በቀስ ከላይ በሚታጠብ ለም አፈር ይሞላል። ላዩ ተስተካክሎ ይታረሳል። ከሥር ግን በጠንካራው ጠመኔ መሃል አፈር የሞላበት ጎድጓዳ ቦታ ይቀራል። እዚያ የበቀለ ስንዴ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የስንዴ ሥር ቦታ ካገኘ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠፋ በስሱ አፈር ላይ ያለው ስንዴ ውሃ ይጠማዋል፣ ይቢጫል። ቦዩ ላይ ያለው ግን ከሥር የተጠራቀመ እርጥበት ስላለው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አንዳንዴ በቁመትም ይበልጣል። የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አረንጓዴው ጠቆር ብሎ፣ ቢጫው ነጣ ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ የሰብል ምልክት የሚወለደው ከችግር ነው። ዝናቡ ደህና በሆነ ዓመት ሁሉም ስንዴ ይጠግባል፣ ማሳው አንድ ቀለም ይሆናል፣ ምንም አይታይም። ገበሬው የሚያዝንበት ደረቅ ዓመት ለፎቶ አንሺው ምርጡ ዓመት ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ምልክቱ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል። ስንዴው ሙሉ በሙሉ ሲደርስ ሁሉም ቢጫ ይሆንና ይጠፋል። አፈሩም ወሳኝ ነው። ጠመኔና ጠጠር ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፉ ጥሩ ያሳያሉ። ውሃ የሚይዝ ከባድ ሸክላ አፈር ግን ምስጢሩን አያወጣም። ሰብሉም ይለያል። ስንዴና ገብስ ጎበዞች ናቸው። ሣር የሚያሳየው በጣም ሲደርቅ ነው።

ይህን ሥራ ወደ ሙያ የለወጠው ሰው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ ይባላል። እሱም የጦርነቱ ልጅ ነው። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የጠላትን ይዞታ የሚቃኝ ታዛቢ ነበር። በ1918 አውሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። በ1920 የብሪታኒያ ካርታ ሥራ ድርጅት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። በ1922 የአየር ኃይል ፎቶዎች እጁ ገቡ። ፎቶዎቹ ለልምምድ የተነሱ ናቸው፤ ያነሳቸው ሰው ጥንታዊ ነገር አልፈለገም። ክሮፎርድ ግን የጥንት እርሻ ድንበሮችን አየባቸው። በ1923 ደግሞ በ1921 የተነሱ ፎቶዎችን ተጠቅሞ ወደ ስቶንሄንጅ የሚወስደውን የጥንት መንገድ የጠፋ ክፍል አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ከአሌክሳንደር ኪለር ጋር ሆኖ ደቡብ እንግሊዝን ከአየር ላይ ቃኘ። ኪለር የማርማላታ ፋብሪካ ወራሽ ስለነበር የአውሮፕላኑ ወጪ አላሳሰበውም።

ክሮፎርድ ነገሩን የሚያስረዳበት ምሳሌ እጅግ ደስ ይለኛል። አንዲት ድመት ምንጣፍ ላይ ተኝታለች እንበል። ከዚያ ሆና የምታየው ክሩንና እድፉን ነው። ጥለቱን አታየውም። ቆሞ ያለ ሰው ግን ጥለቱን አንድ ላይ ያየዋል። ማሳ ዳር የቆመ ሰው ድመቷ ነው፣ አብራሪው ደግሞ የቆመው ሰው።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኛ ስለሚቀርብ። ክሮፎርድ በዕድሜው መጨረሻ ላይ ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዙሮ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ የመዘገባቸው የጉዞ መስመሮች አሉ። ከየት ተነስታችሁ በየት አልፋችሁ መጣችሁ እያለ የጻፋቸው። ክሮፎርድ እነዚያን መስመሮች አሰባስቦ፣ የቦታ ስሞቹን አንድ በአንድ ከካርታ ጋር እያመሳከረ አዘጋጃቸው። ሥራው የታተመው እሱ በሞተ ማግስት፣ በ1958 ነው። ያው ዓይን ነው። የተረሳ መንገድ ዱካ ሲያይ አያልፍም።

ወደ ማሳችን እንመለስ። በዚያ የበጋ ፎቶ ላይ ምን ማንበብ ይቻላል? በደንብ ካያችሁት ሦስት ነገር ይነግራችኋል።

ወፍራሙ ጥቁር ቀለበት ቦይ ነው፤ ስንዴው እዚያ ላይ ስለጠገበ ጠቁሯል። ቀለበቱ ሙሉ አይደለም፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይቋረጣል። ቦይ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ከቆመ መግቢያ አለው ማለት ነው። መግቢያ ካለው ሰው ይገባበታል። ሦስተኛው ነጠብጣቡ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ለብቻው የቆመ ነው። ግድግዳ ቢሆን መስመር ይሆን ነበር፣ ያውም ነጣ ያለ መስመር። ጥቁር ነጠብጣብ የጉድጓድ ምልክት ነው። ጉድጓዶች በክብ ከተደረደሩ ደግሞ የሆነ ነገር ቆሞባቸው ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአየር ላይ ክብ ያየ ሁሉ ጥንት አገኘሁ ማለት አይችልም። ሣር ላይ ፈንገስ እየሰፋ ሲሄድ የተዋጣለት ክብ ይሠራል። የበረዶ ዘመን ውርጭ መሬቱን ሰንጥቆ የተወው መረብም ከላይ ሲታይ የእርሻ ድንበር ይመስላል። የከብት መመገቢያ የቆመበት ቦታ፣ የውሃ ቱቦ የተቀበረበት ቦይ፣ በጦርነት ጊዜ የአየር መከላከያ መብራት የተተከለበት ክብ፣ ሁሉም ሰብል ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ነው። ቅርጹ የማረሻውን አቅጣጫ ይከተላል ወይስ ይቃረነዋል? አሁን ባለው የማሳ ድንበር ላይ ይቆማል ወይስ አልፎት ይሄዳል? በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሰብል ተመልሶ ይመጣል? አጠገቡ የሚመስለው የታወቀ ሥፍራ አለ?

ውድሄንጅ እነዚህን ሁሉ አለፈ። በክረምት በአፈር ታየ፣ በበጋ በስንዴ ታየ። ሁለቱ ምልክቶች የሚፈጠሩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ አንዱ በቀለም፣ ሌላው በእርጥበት። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ አንድ ክብ ካሳዩ አጋጣሚ የመሆኑ ነገር በጣም ይጠባል። አጠገቡ ደግሞ ዱሪንግተን ዎልስ የሚባል ግዙፍ የቅድመ ታሪክ ክብ አለ፣ ጥቂት እርምጃ ያህል ብቻ ይርቃል። አቅጣጫውም፣ ጎረቤቱም፣ ቅርጹም አንድ ቃል ተናገሩ።

ፎቶው የማይናገረው ነገር አለ። ዕድሜ አይናገርም። ቦዩ የ4,000 ዓመት ይሁን የ400 ዓመት ስንዴው ያው ስንዴ ነው፣ ያው ይጠቁራል። ሥፍራው ከሚመስለው ጋር ተነጻጽሮ ግምት ይሰጣል እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለው የአካፋ ሥራ ነው።

አካፋውን ያነሱት ሞድ ከኒንግተንና ባለቤቷ ቤን ናቸው። በአካባቢው በቁፋሮ የታወቁ ባልና ሚስት ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ጦርነቱ ነጥቋቸዋል። ቁፋሮው የተጀመረው በዚያው በ1926 ነው፣ እስከ 1928 ድረስም ቀጠለ። ነገሩን የመሩት በተለይ እሷ ናት። በኋላ የዊልትሸር የአርኪዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች።

አፈሩን ገፍፈው ወደ ጠመኔው ሲደርሱ ነጠብጣቡ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ከላይ አምስት ይሁን ሰባት ሲያሰኝ የነበረው ቀለበት ስድስት መሆኑ ታወቀ። ቀለበቶቹ ፍጹም ክብ አይደሉም፣ እንቁላል ቅርጽ አላቸው። የውጨኛው 43 በ40 ሜትር ያህል ነው። ጉድጓዶቹ በጠቅላላ ከ150 ይበልጣሉ።

ጉድጓዶቹ የምሰሶ ናቸው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቋሚ ሲተከል መጀመሪያ ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል። ቋሚው ይገባል፣ ዙሪያው በድንጋይና በአፈር ይጠቀጠቃል። ዓመታት አልፈው እንጨቱ ሲበሰብስ እሱ የነበረበት ቦታ ለስላሳ አፈር ይሞላዋል። ዙሪያው የተጠቀጠቀው ግን ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ቆፋሪ በጥንቃቄ ከሄደ የእንጨቱን ውፍረት ሳይቀር ከአፈሩ ቀለም ይለካዋል። እንጨቱ የለም፣ ጥላው ግን አፈር ውስጥ አለ።

ትልልቆቹ ምሰሶዎች የነበሩት ከውጭ ሲቆጠር በሦስተኛው ቀለበት ላይ ነው። ጉድጓዶቹ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃሉ። በአንድ ጎናቸው እንደ መንሸራተቻ ተዳፍተው ተቆርጠዋል። ግንዱን ጎትተው አምጥተው፣ ጫፉን በተዳፋቱ አንሸራተው፣ ከዚያ በገመድ አቁመውታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚሸከመው ምሰሶ ከመሬት በላይ 7 ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል ተብሎ ይገመታል፣ ክብደቱም እስከ 5 ቶን። ያን ሁሉ ያደረጉት ያለ ብረት መሣሪያ ነው።

ዙሪያውን ያለው ቦይ 2 ሜትር ከ40 የሚጠልቅ፣ እስከ 12 ሜትር የሚሰፋ ሆኖ ተገኘ። ከሱ ውጭ የአፈር ካብ ነበረ። ፎቶው ላይ የታየው መቋረጥም እውነተኛ መግቢያ ነበር፣ አንድና አንድ ብቻ፣ በሰሜን ምሥራቅ። የእንቁላል ቅርጹ ረጅም ጎን የሚያመለክተው በበጋው ረጅም ቀን ፀሐይ ወደምትወጣበት ነው። ስቶንሄንጅም ወደዚያው ነው የሚያየው።

“ውድሄንጅ” የሚለው ስምም ከዚሁ መጣ። “ውድ” በእንግሊዝኛ እንጨት፣ “ስቶን” ድንጋይ ማለት ነው። በድንጋይ የቆመው ጎረቤቱ በስሙ ድንጋይን ይዟል፣ ይሄኛው እንጨትን ያዘ።

መሃል አካባቢ ደግሞ ሞድ ከኒንግተን አንድ መቃብር አገኘች። የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነው። የራስ ቅሉ ለሁለት የተከፈለ ሆኖ ስላየችው ሕፃኑ ለሥፍራው መሥዋዕት ተደርጓል አለች። ንግግሩ ብዙ ቦታ ተደገመ፣ እስከ ዛሬም የሚደግመው አለ። እኔ ግን በዚህ ላይ ቆጠብ ማለት እመርጣለሁ። የትንሽ ልጅ ራስ ቅል አጥንቶቹ ገና አልተጋጠሙም። አፈር ሲጫነው በመገጣጠሚያው ሊለያይ ይችላል። አጥንቱን እንደገና አይቶ መወሰን አይቻልም፤ ለንደን ተወስዶ ነበርና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ጠፋ። ስለዚህ አንድ ልጅ እዚያ በክብር ወይም በሌላ ምክንያት መቀበሩን እናውቃለን። ከዚያ ያለፈው አስተያየት ነው።

ስንዴው ያላሳየውም ነገር ነበር። በ1970 በተደረገ ቁፋሮ ዕድሜ ለሚለካ የካርቦን ምርመራ የሚሆን ናሙና ተወስዶ ሥፍራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታወቀ። የአዲሱ የድንጋይ ዘመን ማብቂያ ላይ ማለት ነው። በ2006 ደግሞ ሌላ ቡድን ቆፍሮ ቢያንስ አምስት ድንጋዮች የቆሙባቸው ቦታዎችን ለየ። የእንጨቱ ሥፍራ በኋላ ድንጋይም ነበረው። ይህ ከ600 ሜትር ከፍታ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም። ከኒንግተን ራሷ ጥቂት ፍንጭ አይታ ነበር፣ ሙሉውን ግን 80 ዓመት ቆይተው የመጡት ናቸው ያወጡት።

ስለ ሰብል ምልክት ሲነገር የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፣ በጣም ስለሚያሳስበኝ ልናገረው። ምልክት ያልታየበት ማሳ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቦታዎቹ ካርታ ላይ ሲሰፍሩ ጠመኔና ጠጠር ያለበት፣ በእህል የሚታረስ አገር በነጠብጣብ ይሞላል። ሸክላ አፈሩና ግጦሹ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ካርታውን ያየ ሰው የጥንት ሰዎች ሸክላ አፈር ይጠሉ ነበር ሊል ይችላል። የጠላው ግን ካሜራው ነው። የውድሄንጅ ማሳ በዚያ ዓመት ግጦሽ ቢሆን ኖሮ ኢንሳል በበጋ ሲመለስ አረንጓዴ ሣር ብቻ ያገኝ ነበር። ጥርጣሬውም ጥርጣሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

ደግሞ ነገሩ ከአውሮፕላን በፊትም ጭራሽ የማይታወቅ አልነበረም። ዊልያም ካምደን የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ16ኛው መቶ ዘመን ኬንት ውስጥ ሪችበሮ በሚባል የሮማውያን ሥፍራ ላይ እህሉ የሚሳሳባቸው መስመሮች መንገዶቹ የነበሩበትን እንደሚያሳዩ ጽፏል። ሕዝቡ መስቀለኛውን ቅርጽ ከአንድ ቅዱስ ስም ጋር አያይዞ ይጠራው ነበር። ገበሬዎች ያያሉ፣ ስምም ይሰጡታል። አውሮፕላኑ የጨመረው ከፍታን ነው።

ኢንሳል እዚያ አላቆመም። በጁን 1929፣ ከኖሪጅ ከተማ ደቡብ፣ አርሚንግሆል በምትባል ቦታ ላይ ሲበር እንደገና ክብ አየ። ሁለት ቀለበቶች፣ መሃላቸው ደግሞ በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተደረደሩ ነጠብጣቦች። በ1935 አርኪዮሎጂስቱ ግሬም ክላርክ ሲቆፍረው የ8 ትልልቅ ምሰሶዎች ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ያገኘ ዓይን ሁለተኛውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

ይኸው መንገድ እስከኛ ዘመን ይሠራል። በ2018 አየርላንድ በከባድ ድርቅ ተመታች። ጁላይ 10 ቀን ማምሻውን ሁለት ሰዎች፣ አንተኒ መርፊና ኬን ዊልያምስ፣ ኒውግሬንጅ የሚባለው ታዋቂ የ5,000 ዓመት መቃብር አጠገብ ድሮናቸውን አስነሱ። ስክሪናቸው ላይ ማንም የማያውቀው ትልቅ ክብ ወጣ፣ ዙሪያውን በድርብ ጉድጓዶች የታጠረ። ኒውግሬንጅ ያለበት ሸለቆ ለአሥርተ ዓመታት የተጠና፣ በዓለም ቅርስነትም የተመዘገበ ነው። ክቡ ግን የሚጠብቀው ድርቁን ነበር። የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣንም ወዲያው የራሱን የአየር ቅኝት አድርጎ ሥፍራውን አረጋገጠ። የተቻኮሉት ዝናብ ሳይመጣ ነው፤ ሲዘንብ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ይሆናል።

ዛሬ ውድሄንጅን ለማየት ብትሄዱ ስንዴ የለም። ከኒንግተኖች ቦታውን ገዝተው ለሕዝብ ሰጥተውታል። በእያንዳንዱ የምሰሶ ጉድጓድ ላይ አጭር የኮንክሪት ቋሚ ተተክሏል፤ ወፍራም ምሰሶ በነበረበት ወፍራም፣ ቀጭን በነበረበት ቀጭን። መሃል አካባቢ፣ ሕፃኑ በተገኘበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ የባልጩት ድንጋይ ክምር አለ። የመጣ ሰው አንዳንዴ አበባ ያስቀምጥበታል። ዙሪያው የታጨደ ሣር ነው። አሁን ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚያየው ኮንክሪቶቹን ነው፣ ስድስት የነጠብጣብ ቀለበት፣ ልክ ኢንሳል በዚያ በጋ እንዳየው። ማሳው ተመልሶ ስለማይዘራ ስንዴው ግን ያን ሥዕል ዳግም አይሥለውም።